ተሰብሳቢ የድሮ ሌንስ በዲጂታል ላይካ ላይ፦ አገጣጠሙና አያያዙ

ከሁሉ በፊት ዋናውን ሕግ ላስቀምጥ። ተሰብሳቢ ሌንስ፣ ማለትም መስታወቱ በሚሳብና በሚገፋ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለ ሌንስ፣ ዲጂታል ካሜራ ላይ ተገጥሞ ሳለ ቱቦው ወደ ውስጥ አይገፋም። ቱቦውን አውጥተውና ቆልፈው ይገጥሙታል፤ ሲጨርሱ ደግሞ መጀመሪያ ሌንሱን ከካሜራው ይነቅላሉ፤ የሚሰበስቡት ከዚያ በኋላ ነው። እጅዎ ይህን ቅደም ተከተል ሳያስቡት እስኪፈጽመው ድረስ ይለማመዱት። የተቀረው ምክሬ የሚጠቅመው ይህ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

የምጽፈው ከፍራንክፈርት ነው። የምተዳደረው የሐበሻ ሠርግና ክርስትና ፎቶግራፍ በማንሳት ሲሆን ለዚሁ ሥራ ዘመናዊና ጥርት ያሉ ሌንሶች አሉኝ። ሆኖም አንዲት አረጋዊት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮት አጠገብ ሲቀመጡ ከቦርሳዬ የማወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራውን ኤልማር የተባለ ተሰብሳቢ የላይካ ሌንስ ነው። ምክንያቱን ስለ ብርሃን ስጽፍ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሌንሱ ለምን ተሰብሳቢ ሆኖ እንደተሠራ ልናገር፤ አሠራሩን የተረዳ ሰው አያያዙ አይጠፋውም።

ከፍራንክፈርት በባቡር ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ሲጓዙ ቬትስላር ይደርሳሉ። ኦስካር ባርናክ በኧርንስት ላይትስ ፋብሪካ እየሠራ በሲኒማ ፊልም የምትሠራዋን ትንሽ ካሜራ፣ ላይካን፣ የፈጠረው እዚያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 በሙከራ ካሜራው ፎቶግራፍ ያነሳበት አይዘንማርክት የተባለው አደባባይ አሁንም አለ፤ ባርናክ የቆመበት ቦታም በምልክት ተለይቷል። ካሜራዋ በ1925 በላይፕዚግ የፀደይ ትርኢት ለሕዝብ ስትቀርብ ማክስ ቤሬክ የነደፈው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአካሏ ጋር የተያያዘ ነበር። ታስባ የተሠራችው ለኮት ኪስ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቅ ነገርን አጥርቶ ለማሳየት ከፊልሙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ካሜራዋ ግን ቀጭን ናት። ስለዚህ ሌንሱን በቱቦ ጫፍ ላይ አስቀመጡት፤ በሥራ ጊዜ ይወጣል፣ በጉዞ ጊዜ ካሜራዋ ሆድ ውስጥ ይገባል። ያ ሆድ ባዶ ነበር።

የዛሬው ካሜራ ሆድ ግን ባዶ አይደለም። በላይካ ኤም ካሜራዎች ሌንሱ ከሚያርፍበት የብረት ቀለበት እስከ ሴንሰሩ (በፊልም ፋንታ ምስሉን እስከሚቀበለው ክፍል) ያለው ርቀት 27.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ ለሴንሰሩ መስታወት፣ ለብረት ሻተሩ (ከሴንሰሩ ፊት ሆኖ ለብርሃን ለሚከፈተውና ለሚዘጋው መጋረጃ) እና በዙሪያው ላለው ክፈፍ የሚያስፈልገውን ይቀንሱ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ከታች በኩል ከሻተሩ የሚንጸባረቀውን ብርሃን የሚለካ ትንሽ ዓይንም ተቀምጧል። በ2022 የወጣው ኤም 11 ደግሞ ብርሃን የሚለካው በራሱ በሴንሰሩ ስለሆነ ካሜራው እንደተከፈተ ሻተሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ቱቦ ወደ ውስጥ ቢገባ ከፊቱ የሚያገኘው የሴንሰሩን መስታወት ነው።

«የእኔን ሞክሬው ምንም አልነካም» የሚል ሰው ያጋጥምዎ ይሆናል። እውነቱን ይሆናል፤ የቱቦዎቹ ርዝመት ከሌንስ ሌንስ ይለያያል። የፋብሪካው የአጠቃቀም መመሪያ ግን ተሰብሳቢ ሌንሶች ቱቦአቸው እንደወጣ ብቻ እንዲሠራባቸው፣ ካሜራው ላይ እንዳሉም ፈጽሞ እንዳይሰበሰቡ ያዛል። ከዚህ ነፃ የሚያደርገው አዲሱን ማክሮ ኤልማር 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የእርሱ ቱቦ ተሰብስቦም ቢሆን ወደ ካሜራው ውስጥ አይዘልቅም። ከ1954 እስከ 1968 የተሠራው ተሰብሳቢው ኤልማር 90 ሚሊ ሜትር ደግሞ ጭራሽ እንዲገጠም ካልተፈቀደላቸው ሌንሶች አንዱ ነው። ሁለቱ ስማቸው ስለሚቀራረብ ሲገዙ ይጠንቀቁ።

ቱቦው ምንም ባይነካ እንኳን እኔ አልሰበስበውም። ቱቦ ሲገፋ አየር ይገፋል፤ አየሩም የቱቦውን የዘመናት አቧራ፣ የደረቀ ግራሶና የብረት ብናኝ ይዞ ሴንሰሩ ላይ ያራግፋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ብርሃን እንዳያስገቡ ከውስጥ በኩል ቀጭን ጨርቅ የተጎዘጎዘላቸው ናቸው፤ ጨርቁ ሲያረጅ ፀጉሩ ይረግፋል።

ከመግጠምዎ በፊት

ሌንሱን ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይመርምሩት። ቱቦውን ጫፉ ላይ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ያዙሩት፤ በትንሹ ይዞርና ቀጥ ብሎ ይቆማል። አሁን ወደ ውስጥ ቀስ ብለው ይጫኑት። መግባት የለበትም። ከገባ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ መቆለፊያው ተበልቷል ማለት ነውና ሳይጠገን ካሜራ ላይ አይገጥሙት። የዚህ ጉዳት ሁለት ነው፤ ቱቦው ወደ ሻተሩ የመንሸራተቱ አደጋ አለ፣ በተጨማሪም ያልተቆለፈ ቱቦ ሌንሱን ከትክክለኛ ቦታው ስለሚያርቀው ፎከሱ ሁሉ ይዛባል። የድሮ ሌንስ ፎቶግራፉን ድፍን አደረገው ብለው ከሚያዝኑ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ቱቦውን እስከ መጨረሻው አልቆለፉትም።

ከዚያ የመከላከያ ቀለበት ይሥሩለት። ከውሃ ቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ የጎማ ኦሪንግ ይበቃል። የቱቦውን ውፍረት በካሊፐር ይለኩና የውስጥ ስፋቱ ከዚያ በጥቂቱ የሚያንስ ቀለበት ይምረጡ፤ ሲለጠጥ የሌንሱን ጭንቅላት አልፎ ቱቦው ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። አንዱ ካልበቃ ሁለት ሦስቱን ደርድረው በቱቦው ጭንቅላትና በሌንሱ አካል መካከል ያለውን ቦታ ይሙሉ። ቱቦው መቆለፊያውን ስቶ እንኳን ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገባ ያግደዋል። ወፍራም ማጣበቂያ ፕላስተር የሚጠመጥሙም አሉ፤ እርሱም ይሠራል፣ ነገር ግን ሙጫው በሙቀት ሲቀልጥ የኒኬሉን ልባጭ ስለሚያቆሽሽ ጎማውን እመርጣለሁ።

ይህ ቀለበት ለእርስዎ ሳይሆን ለሌላው ሰው ነው። በድግስ መሃል «እስቲ እኔም ላንሳ» ብሎ ካሜራዎን የሚቀበል ሰው ይኖራል፤ የወጣ ቱቦ ሲያይ እጁ በራሱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ በሌንሱ ተደፍቶ ሌላ ዕቃ ሲጫነውም እንዲሁ ነው።

የሌንሱ የኋላ ክዳን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የተሰበሰበ ሌንስ ከኋላው ረጅም ጅራት ስላለው ተራው ጠፍጣፋ ክዳን አይገባለትም። ጥልቅ ክዳን ይግዙለት፤ ወይም ቱቦውን እንዳወጡት ተራውን ክዳን ገጥመው ይያዙት። ጥልቁ ክዳን ከሌለ ተሰብሳቢነቱ ጥቅም የለውም፤ ካለ ግን ክብደቱ ከ150 ግራም በታች የሆነውን ኤልማር ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተው መሄድ ይችላሉ። ካሜራውን ራሱን በአካል ክዳኑ ዘግተው ለብቻው ይያዙ።

አዳፕተሩ

ከ1954 በፊት የተሠሩት ተነቃይ የላይካ ሌንሶች ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር በሆነ ጥርስ እየተጠመዘዙ የሚገጠሙ ናቸው። በዚያ ዓመት ኤም 3 የተባለው ካሜራ ከባዮኔት (ገብቶ በጥቂቱ ዞሮ ከሚቆለፍ) አገጣጠሙ ጋር ሲወጣ መሐንዲሶቹ አርቀው አስበው ነበር፤ አዲሱን ካሜራ ከድሮው በ1 ሚሊ ሜትር አሳጠሩት። ስለዚህ አዳፕተር የሚባል 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት በመሃል ሲገባ የድሮው ሌንስ ልክ በቦታው ይቀመጣል፣ ከሬንጅፋይንደሩ፣ ማለትም ከካሜራው ርቀት መለኪያ ጋርም ይገናኛል። ዲጂታሎቹም ይህንኑ ልክ ስለጠበቁ በ1930ዎቹ የተሠራ ሌንስ ዛሬ ኤም 11 ላይ ርቀት እየለካ ይሠራል። እንዲህ ያለ ታማኝነት በዕቃ ዓለም ውስጥ ብዙ አላውቅም፤ ይህን ሥራ እንድወደው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

አዳፕተር ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ለየትኛው የሌንስ ርዝመት እንደተሠራ ነው፤ ለ50 ሚሊ ሜትር የሚሆነው «50/75» የሚል ተጽፎበታል፣ መመልከቻው ውስጥም ትክክለኛውን ክፈፍ ያመጣል። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ፎከሱ ይስታል፤ ርካሾቹ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ካሊፐሩን ይዘው ይሂዱ፣ አራት ቦታ ላይ ይለኩት።

ሌንሱን ከአዳፕተሩ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያገናኙ፤ ካሜራው ላይ እያለ አያጠምዙ። ኤልማርና መሰሎቹ በሩቅ ርቀት ምልክት፣ ማለትም በተኛው ስምንት ላይ ሲደርሱ የሚቆልፍ ምላስ አላቸው። ምላሱ እዚያ ላይ እንደተቆለፈ፣ የሌንሱን የታችኛውን ቀለበት ይዘው በእጅ ጉልበት ብቻ ያጥብቁ። ምላሱ ከአዳፕተሩ ጠርዝ ጋር ሳይጋጭ መግባትና መውጣቱን ይሞክሩ፤ አንዳንድ አዳፕተሮች ለእርሱ ተብሎ ጠርዛቸው ተቆርጧል። ከዚያ ቱቦውን አውጥተው ይቆልፉ፣ ከዚያ ይግጠሙት። ሲነቅሉም የካሜራውን መልቀቂያ ተጭነው አዳፕተሩን ጭምር የሚያዞረውን የታችኛውን ቀለበት ይያዙ። ከላይ ይዘው ካዞሩ ቱቦው ይከፈታል፤ ወይም ሌንሱ ብቻ ከጥርሱ ይፈታና አዳፕተሩ ካሜራው ላይ ይቀራል።

በካሜራው ሜኑ ውስጥ ስላለው የሌንስ ዝርዝር አጭር ቃል። የድሮው ሌንስ ካሜራው የሚያነበው ኮድ ስለሌለው በሜኑው ውስጥ በእጅ ቀረብ ያለውን 50 ሚሊ ሜትር መምረጥ ወይም የሌንስ መለያውን መዝጋት ይቻላል። በ50 ሚሊ ሜትር ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እኔ እዘጋዋለሁ።

ፎከስ

ፊልም ውፍረት አለው፣ በትንሹም ይጎብጣል፤ ስለዚህ ትናንሽ ስህተቶችን ይሸፍናል። ሴንሰር ጠፍጣፋ ነው። ምስሉን ስክሪን ላይ አጉልተን ስናየው ደግሞ በድሮ ጊዜ በትንሽ ወረቀት ታትሞ የማይታየው ሁሉ ይታያል። ስለዚህ አዲስ ያገኙትን የድሮ ሌንስ ለሥራ ከማውጣትዎ በፊት ይፈትኑት፤ ፈተናው ከሰዓት በኋላ አንድ ቁጭታ ነው።

በሩቁ ይጀምሩ። እኔ ከማይን ወንዝ ደቡባዊ ዳር ቆሜ ማዶ ያለውን የኮሜርስባንክ ሕንጻ አነጣጥራለሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ከተማ ውስጥ ያለ ረጅም ሕንጻ መምረጥ ይችላል። ሌንሱ የተኛው ስምንት ላይ ሲቆለፍ በመመልከቻው መሃል ያሉት ሁለት ምስሎች መገጣጠም አለባቸው፤ ፎቶግራፉም የሕንጻውን ጠርዝ ጥርት አድርጎ ማሳየት አለበት። ሁለቱ ከተስማሙ አዳፕተሩ ደህና ነው።

ቀጥሎ ቅርቡን ይሞክሩ። የተጻፈበት ወረቀት ወይም ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ አጋድመው ካሜራውን በሦስት እግር ያቁሙ፤ ርቀቱ 1 ሜትር ይሁን። አብዛኞቹ የድሮ ሌንሶች ከዚህ አይቀርቡም፤ ካሜራው 0.7 ሜትር ድረስ ሊለካ ቢችልም ሌንሱ ቀድሞ ይቆማል። አፐርቸሩን (በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ሙሉ ከፍተው አንድ መስመር ላይ በሬንጅፋይንደር ያነጣጥሩና ያንሱ። ፎከሱን አበላሽተው እንደገና ያስተካክሉና ይድገሙት። ጥቂት ጊዜ ከደጋገሙት በኋላ ጥርት ያለው መስመር ሁልጊዜ ያነጣጠሩበት ከሆነ ደስ ይበልዎ። ሁልጊዜ በእኩል መጠን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚስት ከሆነ ዘመናዊ ሌንስ ገጥመው ያንኑ ፈተና ይድገሙ። ዘመናዊው ልክ ከሆነ ችግሩ ድሮው ሌንስ ላይ ነው፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ከሳቱ የካሜራው ሬንጅፋይንደር ነው። ለአንድ አሮጌ ሌንስ ሲባል የካሜራውን ሬንጅፋይንደር ማስነካት ግን ትክክል አይደለም፤ ሌሎቹ ሌንሶች ሁሉ ይዛባሉ።

ጠጋኝ እስኪያገኙ ድረስ በስክሪኑ ወይም በኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ማነጣጠር ይቻላል። ይህ ከ2012 በኋላ በወጡት አብዛኞቹ ሞዴሎች አለ፤ በኤም 8ና ኤም 9 ላይ ግን የለም። ለእነርሱ ባለቤቶች መፍትሔው አፐርቸሩን ወደ 5.6 ወይም 8 ማጥበብ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ስለሚጨምር ስህተቱን ይውጠዋል።

ከ1930 እስከ 1931 ድረስ የተሠሩት አንዳንድ ኤልማሮች ከአንድ የተወሰነ ካሜራ ጋር ብቻ ተስተካክለው የወጡ ናቸው። ልኩ አንድ ወጥ ሲሆን መግጠሚያ ቀለበቱ ላይ የዜሮ ምልክት ተቀረጸ። ከሬንጅፋይንደር ጋር የተያያዘው ሥርዓት የመጣውም በ1932 ከላይካ 2 ጋር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሌንሱን የሚገዛ ሰው ዜሮ የተቀረጸበትንና ርቀት መለኪያውን የሚገፋ ቀለበት ያለውን ይምረጥ።

አፐርቸርና ብርሃን

የኤልማር 3.5 አፐርቸር የሚስተካከለው ከፊት መስታወቱ ዙሪያ ባለች ትንሽ ምላስ ነው። ቱቦውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጥፍር ምላሷን ይግፉ፤ ቱቦው ካልተያዘ አብሮ ይዞርና መቆለፊያው ይከፈታል። በድሮዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች 4.5፣ 6.3፣ 9፣ 12.5 እና 18 መሆናቸው አያስጨንቅዎ። ካሜራው የሚለካው በሌንሱ ውስጥ ያለፈውን ብርሃን ስለሆነ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ልኩን ያገኘዋል፤ የሻተሩን ፍጥነት ለካሜራው ትተው አፐርቸሩን እርስዎ ይምረጡ። የሌንስ ኮፍያ (ከፊት የሚገጠም የፀሐይ መከለያ) ሲገዙ ቫሉ የተባለውን ካገኙ አይለፉት፤ ፀሐይ ከመከላከሉም በላይ አፐርቸሩን ከውጭ በቀለበት ለማዞር ያስችላል።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ያልተቀባ መስታወት ከአየር ጋር በሚገናኝበት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከሚያልፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል። ኤልማር በሦስት ቡድን የተደረደሩ አራት መስታወቶች ስላሉት ስድስት እንዲህ ያሉ ገጾች አሉት፤ ከአንድ አምስተኛ በላይ ብርሃን ይባክናል። በ1933 የወጣው ሱማር የተባለ ሌላ የላይካ ሌንስ ስምንት ገጾች አሉት፤ ከሩብ በላይ ይሄድበታል። ከዚያ የባከነ ብርሃን ከፊሉ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይንከራተትና በምስሉ ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ይዘረጋል። ላይትስ ሌንሶቹን በሽፋን መቀባት የለመደው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ይህ ጭጋግ ነው እኔን የማረከኝ። ነጭ ነጠላና ጠቆር ያለ ፊት በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ማስታረቅ የሐበሻን ድግስ የሚያነሳ ሁሉ የዕለት ፈተና ነው። ዘመናዊው ሌንስ ነጩን እንደ ወረቀት፣ ጥላውን እንደ ከሰል አድርጎ ይለያቸዋል። ሽፋን የሌለው ኤልማር ከነጠላው ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጩም ወደ አንገት ሥር ሲወርድ ደረጃው ዝግ ያለ ነው። ሌንሱ በጥላው ውስጥ የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ሽግግሩን ግን ያለሰልሰዋል፣ የፊት መጨማደድም ክብር ያለው ሆኖ ይታያል። እናቶች ፎቶግራፋቸውን ሲያዩ «እኔን ነው» ይሉኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም።

ጭጋጉን ለመቆጣጠር የሚረዱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ፀሐይ በቀጥታ ፊት መስታወቱ ላይ እንዳታርፍ በኮፍያ፣ ኮፍያ ከሌለ በእጅ መዳፍ ይጋርዱ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ሌንሱ ይደምቃል፤ ከትዕይንቱ ጀርባ ሰፊ ነጭ ሰማይ ካለ ግን ሁሉም ነገር ይገረጣል፣ ስለዚህ ከጀርባ ጥቁር ግድግዳ ወይም ዛፍ ይፈልጉ። ብርሃኑን ሲለኩ ነጩ እንዳይቃጠል ትንሽ ቀንሰው ያንሱ። ፋይሉን በዲኤንጂ (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ያስቀምጡ፤ በኮምፒውተር ላይ የጥቁሩን ነጥብ በእጅዎ በጥቂቱ ብቻ ያውርዱ። አውቶማቲክ ማስተካከያውን ከነኩ ኮንትራስቱን እስከ ጫፍ ይጎትተዋል፤ የድሮውን ሌንስ የገዙበት ምክንያት ያን ጊዜ ይጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ለመሥራት 3.5 ይጠብባል፤ በኤም 10 አይኤስኦውን (የሴንሰሩን የብርሃን ትብነት) 3200 ወይም 6400 ማድረግ ያስፈልጋል፣ ኤም 9 ላይ ግን ከ1600 ማለፍ አልመክርም።

ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳውን ሞኖክሮም ካሜራ የያዘ ሰው ዕድለኛ ነው። እነዚህ ሌንሶች የተነደፉት ለጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን የድሮዎቹ ቢጫ ማጣሪያዎች እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ ለኤልማርና ለሱማር የሚሆነው ከላይ ተጭኖ የሚያዘው 36 ሚሊ ሜትሩ ነው።

የትኛውን ልግዛ?

ለጀማሪ ኤልማር 50 ሚሊ ሜትር 3.5 እመክራለሁ፤ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ስለተሠራ ይገኛል። ሱማር ለፊት ፎቶግራፍ ውብ ነው፤ ሆኖም የፊት መስታወቱ ለስላሳ ስለሆነ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ የኖረው ሁሉ ተፋፍቋል፣ ንጹሕ ማግኘት ያስቸግራል። በ1939 የወጣው ሱሚታር ከሱማር የተሻለ ጥራት አለው። በ1953 የመጣው ተሰብሳቢው ሱሚክሮን ደግሞ ከሁሉ የሚያጠራው ነው፤ ጠላቱ በውስጡ የሚፈጠረው ጉም ነው። ከቀደምት ሱሚክሮኖች አንዳንዶቹ ቶሪየም ያለበት መስታወት ስላላቸው በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫነት ይለወጣሉ፤ መስኮት ላይ ለፀሐይ ሲሰጡ ቢጫው ይቀንሳል።

ሲገዙ የስልክዎን መብራት ከኋላ አብርተው ከፊት ይመልከቱ። ቀጫጭን ክሮች ካዩ ሻጋታ ነው፤ ይተዉት። ወጥ የሆነ ጉም ብዙ ጊዜ በባለሙያ ይጸዳል፤ ዋጋውን ቀንሰው መግዛት ይችላሉ። «ላይትስ ኤልማር» ተብለው የሚሸጡ የሶቪየት ሌንሶችም ገበያው ላይ ብዙ ናቸው፤ ፌድና ኢንዱስታር 22 ናቸው ስማቸው የተቀየረው። መለያው የአፐርቸሩ ቦታ ነው። በእውነተኛው ኤልማር ውስጥ የአፐርቸሩ ምላጮች ወዲያው ከመጀመሪያው መስታወት ጀርባ ይገኛሉ፤ በኢንዱስታሩ ውስጥ ግን ከሁለተኛው ጀርባ ናቸው። ኢንዱስታር በስሙ ቢገዛ ነውር የለበትም፤ በርካሽ ለመማር ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የፎከስ ፈተናው በእርሱ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የፎከስ ቀለበቱ ከከበደ ዘይት ጠብ አያድርጉበት። ዘይቱ በሙቀት ይተንና አፐርቸሩ ምላጮች ላይ፣ ከዚያም መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ያ ጉም ከዚያ ነው የሚመጣው። የደረቀውን ግራሶ አጽድቶ አዲስ የሚቀባ ጠጋኝ ይፈልጉ። ሲሰጡትም ሦስቱን ነገር አንድ ላይ ያዝዙ፦ ግራሶው ይቀየር፣ የቱቦው መቆለፊያ ይታይ፣ የሩቅ ርቀቱ ልክ ይለካ። ሌንሱን ሲረከቡ ከሱቁ ሳይወጡ ቱቦውን ስበው፣ አዙረው፣ ገፋ አድርገው ይፈትኑት፤ ከተንሸራተተ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይመልሱለት።